ሙቅ ውሃ እና አማና፦ ከፍተኛ ኃይል የሚስብ ማሞቂያ በቤታችን



የሴሚስተር እረፍት ሲደርስ ሁላችንም ወደየቤታችን እንበተናለን። ከመካከላችን ኢንጂነሪንግ የሚማር ካለ ደግሞ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ሥራ ይጠብቀዋል። አባት ሻወር ሂተር ገዝተው አስቀምጠዋል፤ እናት አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ አምጥተዋል፤ ጎረቤትም «ልጃችሁ ኢንጂነር አይደል? ለእኛም ይግጠምልን» ብለዋል። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ የወላጅ ኺድማ ነውና። እሺ ማለትም ቀላል አይደለም። ክፍል ውስጥ ሰርኪዩት መፍታትና ግድግዳ ላይ ሂተር መግጠም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዚህ ትምህርት አንድ ነገር ይዘን እንድንወጣ እንፈልጋለን። ማሞቂያው ራሱ ብዙ ጊዜ ችግር የለበትም፤ አደጋው ያለው ኤሌክትሪኩ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ሽቦው፣ ብሬከሩ፣ ማያያዣውና ግራውንዱ ነው። ስለዚህ ከመግጠም በፊት መንገዱን መቁጠርና መመርመር ግዴታችን ነው፤ ከአቅማችን በላይ የሆነውንም ለባለሙያ መተው የእውቀታችን አካል ነው።

1. ነገሩ ከዲናችን ጋር ምን ያገናኘዋል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሕክምና ሳይታወቅ ሰው ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ አስተምረዋል። ሐዲሱን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ዑለማዎች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት ለሌላ ሙያም ይሠራል፤ ያላወቀውን ሥራ እንደሚያውቅ ሆኖ የሠራ ሰው «አስቤው አይደለም» ብሎ ብቻ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ሐኪም የሰው ሥጋ አማና አለበት፤ መብራት የሚዘረጋ ሰውም እንዲሁ። ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቀበራል፤ የቤቱ ሰዎች አያዩትም፤ እኛን አምነው ከሥሩ ይተኛሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ እሳት ነው። በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ሰዎቹ በውስጡ እያሉ ተቃጠለ። ወሬው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርስ እሳት ጠላታችን መሆኑን ነግረው ከመተኛታችን በፊት እንድናጠፋው አዘዙ። ይህ በቡኻሪም በሙስሊምም የተዘገበ ነው። በዚያ ዘመን እሳቱ የኩራዝና የምድጃ ነበር፤ ዛሬ በየቤታችን በሽቦ ተጉዞ የሚመጣ እሳት አለ። ትእዛዙ እሱንም ይመለከተዋል ብንል አልተሳሳትንም።

2. የትኞቹን ማሞቂያዎች ነው የምንለው?

በቤታችን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሙቀት የሚሰጡት ከሁሉም በላይ ኃይል ይስባሉ። አንድ አምፖል 10 ዋት ገደማ ሲሆን ቴሌቪዥን ደግሞ 100 ዋት አካባቢ ነው። ከታች ያሉት ግን በሺህ ዋት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሻወር ሂተር፦ ውሃው እያለፈ የሚሞቅበት ትንሽ ዕቃ ነው። ውሃ አያጠራቅምም። በገበያችን ከ3.5 እስከ 5.5 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ የሆኑ አሉ።

ቦይለር፦ ውሃ አጠራቅሞ ቀስ ብሎ የሚያሞቅ ጋን ነው። 50 ሊትር የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎዋት ይስባል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ፦ ብዙዎቻችን ማሞቂያ ብለን አንቆጥረውም እንጂ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ ከሻወር ሂተር ጋር የሚፎካከር ነው።

3. ከመግዛት በፊት የምንሠራው ሒሳብ

የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 ስናካፍል የሚስበውን አምፔር እናገኛለን።

አምፔር = ዋት ÷ ቮልት

1.5 ኪሎዋት ቦይለር፦ 1500 ÷ 220 = 6.8 አምፔር
3.5 ኪሎዋት ምጣድ፦ 3500 ÷ 220 = 15.9 አምፔር
5.5 ኪሎዋት ሻወር ሂተር፦ 5500 ÷ 220 = 25 አምፔር

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታቸውን ሁለት ነገሮች እንለይ፤ ኪሎዋት እና ኪሎዋት-ሰዓት። ኪሎዋት ዕቃው በአንድ ጊዜ የሚስበው ኃይል ነው፤ የሽቦውን ውፍረት የሚወስነው እሱ ነው። ኪሎዋት-ሰዓት ደግሞ ኃይሉ በጊዜ ተባዝቶ ነው፤ ቆጣሪው የሚቆጥረውና ካርድ የምንሞላበት እሱ ነው።

ውሃ ለማሞቅ የሚፈጀውን እንዲህ እናሰላለን፦

ሊትር × የሙቀቱ ልዩነት × 1.16 = ዋት-ሰዓት

የቧንቧው ውሃ 18 ዲግሪ ነው እንበል። 50 ሊትር ቦይለር እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ልዩነቱ 42 ነው። 50 × 42 × 1.16 = 2436 ዋት-ሰዓት፤ ወደ 2.4 ኪሎዋት-ሰዓት ማለት ነው። 1.5 ኪሎዋት የሆነ ቦይለር ይህን ለመጨረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

በሌላ በኩል 5.5 ኪሎዋት ሻወር ሂተር ውሃውን ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ሲያወጣ በደቂቃ 3.6 ሊትር ያህል ይሰጣል። የ10 ደቂቃ መታጠቢያ 36 ሊትር ይሆናል፤ ፍጆታውም 0.92 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። «ትልቁ» ሂተር አንድ ሰው ብቻ ሲታጠብ ከ«ትንሹ» ቦይለር ያነሰ ቆጠረ። ቦይለሩ ግን ሙቅ ውሃው ከቀዝቃዛ ጋር ሲደባለቅ ከአንድ ሰው በላይ ያጥባል። በመጨረሻ የአንድ ሊትር ውሃ ሒሳብ በሁለቱም እኩል ነው፤ የቦይለሩ ትርፍ ወጪ ውሃው ተቀምጦ የሚቀዘቅዘው ነው። ልዩነታቸው ሽቦው ላይ ነው። ቦይለሩ 6.8 አምፔር ለረጅም ጊዜ ይጠይቃል፤ ሻወር ሂተሩ 25 አምፔር ለአጭር ጊዜ።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት መጠየቅ ያለብን «የትኛው ይረክሳል?» ብቻ ሳይሆን «የቤታችን ሽቦ የትኛውን ይሸከማል?» የሚለውን ነው። ሽቦው አሮጌና ቀጭን ለሆነበት ቤት አነስተኛ ኪሎዋት ያለው ቦይለር ከሻወር ሂተር የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

4. ሽቦና ብሬከር

የመዳብ ሽቦ ውፍረቱ በካሬ ሚሊ ሜትር ይለካል። ባለሙያዎች «አንድ ነጥብ አምስት»፣ «ሁለት ነጥብ አምስት» እያሉ የሚጠሩት ይህንን ነው። ግድግዳ ውስጥ በቱቦ ለሚያልፍ ሽቦ ጥንቃቄ ያለበት አመዳደብ ይህ ነው፦

1.5 ካሬ፦ ለመብራት፣ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር
2.5 ካሬ፦ ለሶኬት፣ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር
4 ካሬ፦ ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር
6 ካሬ፦ ከ32 አምፔር ብሬከር ጋር

25 አምፔር የሚስበው ሻወር ሂተር እንግዲህ 6 ካሬ ሽቦና 32 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል። ሽቦው ከማከፋፈያ ሳጥኑ ተነስቶ በቀጥታ ሂተሩ ጋ ይደርሳል፤ መንገድ ላይ ሌላ ሶኬት አይመገብበትም። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ 16 አምፔር ጫፍ ላይ ስለሚቆም 4 ካሬ ሽቦና የራሱ መስመር ቢኖረው ይመረጣል።

ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሂተሩን አይደለም። ይህን በደንብ እንያዘው። ሂተር ተገጥሞ 16 አምፔሩ ብሬከር ሲወርድ አንዳንድ ሰው «ብሬከሩ ደካማ ነው» ብሎ በ32 ይቀይረዋል። ብሬከሩ ግን ሥራውን ነው የሠራው። 2.5 ካሬ ሽቦ ላይ 32 አምፔር ብሬከር ማስቀመጥ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደመተው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ምን ያህል እንደሚሞቅ እናስላው። ከሳጥኑ እስከ መታጠቢያ ቤቱ 20 ሜትር ቢሆን፣ ሄዶ መመለሻው 40 ሜትር ነው። የ2.5 ካሬ መዳብ ተቃውሞ በዚህ ርዝመት 0.3 ኦም ገደማ ይሆናል። 25 አምፔር ሲያልፍበት 25 × 25 × 0.3 ወደ 185 ዋት ይጠጋል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ሽቦው ላይ ነው፤ ውሃውን አያሞቀውም፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥረዋል። በ6 ካሬ ቢሆን ከ80 ዋት በታች ይወርዳል።

5. የላላ ማያያዣ

ብዙ ቃጠሎ የሚነሳው ከሽቦው መሀል ሳይሆን ሽቦ ከሽቦ፣ ሽቦ ከሶኬት ከሚገናኝበት ቦታ ነው። ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ያድጋል፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

አንድ የላላ ማያያዣ 0.1 ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። 4 አምፔር ሲያልፍበት 1.6 ዋት ነው፤ ማንም አያስተውለውም። በ16 አምፔር 25.6 ዋት ይሆናል። በ25 አምፔር 62.5 ዋት ይደርሳል፤ ይህም በላቦራቶሪ የምንበይድበትን መበየጃ የሚያህል ሙቀት ነው፤ ያውም በአንዲት ብሎን ላይ። ብሬከሩ ደግሞ አምፔሩ ስላልበዛ አይወርድም። ስለዚህ ለዓመታት ለቴሌቪዥን ሲያገለግል የኖረ ሶኬት ምጣድ ሲሰካበት በሳምንቱ ቢጠቁር ሊገርመን አይገባም።

ከዚህ የምንይዛቸው ነጥቦች፦

ሻወር ሂተር በስፒና አይሰካም፤ የራሱ ሁለት ምሰሶ ማጥፊያ ይደረግለታል። ይህ ማጥፊያ ፌዙንና ኒውትራሉን አንድ ላይ የሚቆርጥ ነው፤ የሚቀመጠውም ውሃ በማይደርስበት፣ ቢቻል ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጭ ነው።

ምጣድና ሂተር በዲቫይደር አይሰኩም። ዲቫይደር ለስልክና ለላፕቶፕ ነው።

ሽቦ ከሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለዚህ ዓይነት ኃይል አይሆንም። ማያያዣው በብሎን የሚጠብቅና ለአምፔሩ የተሠራ ይሁን።

ከውጭ የሚገባው መስመር አሉሚኒየም ከሆነ ከመዳብ ጋር በቀጥታ አይጠመዘዝም፤ ሁለቱ ሲነካኩ ይበላላሉ፤ ለሁለቱ የተሠራ ማገናኛ አለ።

ስፒናው ከተነቀለ በኋላ በእጅ ስንነካው የሚያቃጥል ከሆነ፣ የፕላስቲክ ሽታ ካለ፣ ሶኬቱ ቡናማ ከሆነ ወይም ሂተሩ ሲበራ መብራቱ የሚርገበገብ ከሆነ መጠቀም አቁመን እናስመርምር።

6. ግራውንድ፦ ብሬከር ሰው አያድንም

ይህን ክፍል ከሁሉም በላይ አስተውላችሁ አንብቡት። ውሃ የነካው ሰው በኤሌክትሪክ ለመሞት የሚበቃው ኃይል በአምፔር ሳይሆን በሺኛ አምፔር ነው የሚቆጠረው፤ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ለሕይወት አስጊ ተደርጎ ይወሰዳል። ባለ 25 አምፔር ብሬከር እንዲወርድ ከዚያ ከ800 እጥፍ በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ብሬከሩ ሳይወርድ ሰው ሊሞት ይችላል።

ግራውንድ ሥራው የሂተሩ ሽፋን ወይም ውሃው ኤሌክትሪክ ቢይዝ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ መስጠት ነው። ግን ግራውንድ ብቻውንም አይበቃም። በግቢው የተቀበረው ዘንግ 50 ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። ሂተሩ ውስጥ ፌዙ ሽፋኑን ቢነካ ወደ መሬት የሚፈሰው 220 ÷ 50 = 4.4 አምፔር ነው። 32 አምፔሩ ብሬከር ይህን አይሰማውም፤ ሽፋኑም ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል።

ለዚህ የተሠራው የፍሳሽ ብሬከር ነው። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ይመለከታል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ከደረሰ በቅጽበት ይቆርጣል። በላዩ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በየወሩ አንድ ጊዜ ተጭነን መቁረጡን እናረጋግጥ። ዋጋው ከሂተሩ ጋር ሲነጻጸር ይከብድብን ይሆናል። ከነፍስ ጋር ስናነጻጽረው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው፤ ግራውንድና 30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ብሬከር በሌለበት ቤት ሻወር ሂተርም ቦይለርም አይገጠም። ግራውንድ የለም ተብሎ የሂተሩን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ቆርጦ መጣል፣ ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር ወይም ከኒውትራሉ ጋር ማገናኘት መፍትሔ አይደለም። ከቧንቧ ጋር ማሰር አደጋውን ለጎረቤት ማድረስ ነው። ከኒውትራል ጋር ማገናኘት ደግሞ ኒውትራሉ በተቆረጠ ቀን ሽፋኑን በሙሉ ኤሌክትሪክ ማስያዝ ነው።

7. የቦይለር የተለየ ነገር

ቦይለር ከኤሌክትሪኩ በተጨማሪ ግፊትና ክብደት አለው።

ክብደት፦ 50 ሊትር ሲሞላ ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው፤ ጋኑ ሲጨመርበት የአንድ ሰው ያህል ይመዝናል። በጭቃ ግድግዳ ላይ አይንጠለጠልም፤ በብሎኬት ላይም ብሎኑ ባዶው ቦታ ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ግፊት፦ 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.8 ሊትር ያህል ይጨምራል። ይህ ትርፍ በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ይወጣል። ስለዚህ ሲሞቅ ቫልቩ ጠብ ጠብ ቢል ጤናማ ነው። «ያንጠባጥባል» ብሎ መድፈን ግን ጋኑን ወደ ፈንጂ መለወጥ ነው።

ባዶ ማብራት፦ መጀመሪያ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ እንከፍታለን፤ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲፈስ እንዘጋለን፤ ከዚያ በኋላ ነው የምናበራው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ይህን ሁልጊዜ እናስታውስ። ከመቋረጥ በኋላ ውሃ መኖሩን በዓይናችን ሳናይ አናበራም።

ሙቀት፦ 60 ዲግሪ ለጋኑ ንጽሕና ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሕፃን ቆዳ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል። መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ከፍተን ሙቁን እንጨምርበት።

8. በየቀኑ ስንጠቀም

ሁለት ትልልቅ ዕቃ በአንድ ጊዜ አናብራ። 25 አምፔር ሂተርና 16 አምፔር ምጣድ አብረው ሲበሩ 41 አምፔር ነው። ቆጣሪው ሥር ያለውን ዋና ብሬከር ቁጥር አንብቡ፤ 32 ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው። በተለይ በረመዳን ከመግሪብ በፊት ምጣዱም ስቶቩም በሚበራበት ሰዓት ሂተሩ ይረፍ።

መብራት ሲያንስ አንደናገጥ። 220 የነበረው ወደ 180 ቮልት ቢወርድ 5.5 ኪሎዋቱ ሂተር 3.7 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። ውሃው ለብ ይላል እንጂ ሂተሩ በዚህ ምክንያት አይቃጠልም፤ የሚስበው አምፔርም ወደ 20 ይወርዳል። በዚያ ሰዓት የውሃውን ፍሰት ትንሽ መቀነስ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ ማጥፊያውን እናጥፋ። ምጣድ በርቶ መብራት ይጠፋል፤ ሰው ይረሳውና ይወጣል ወይም ይተኛል፤ ሌሊት መብራት ይመጣል። ከላይ ያነሳነው የመዲናው ቤት ታሪክ የሚመለሰው በእንዲህ ያለ ሌሊት ነው። ከመተኛታችን በፊት የምጣዱንና የቦይለሩን ማጥፊያ ማየት ልማዳችን ይሁን።

ውሃም ኃይልም ኢስራፍ አይሁን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ፣ በአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ ይታጠቡ እንደነበር ተዘግቧል። ሙድ በሁለት እጅ የሚታፈስ መጠን ነው፤ ሷዕ አራት ሙድ ሲሆን 3 ሊትር አካባቢ ይሆናል። 3 ሊትር ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 77 ዋት-ሰዓት ብቻ ይበቃል። የ10 ደቂቃው ሻወራችን የዚህን 12 እጥፍ ይፈጃል።

9. ሽቦው የማይችል ቤት ምን ያድርግ?

«ታዲያ በብርድ ለሱብሒ እንዴት እንታጠብ?» ለሚል መልስ አለን። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ከ2.4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 3.4 ሊትር ባለ 40 ዲግሪ ውሃ ይሆናል፤ ከአንድ ሷዕ ይበልጣል። ለዚህ በጤናማ ሶኬት ላይ ያለ አንድ የውሃ ማፍያ ጀበና፣ ወይም የከሰል ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ይበቃል። ከሰል ከሆነ ግን መስኮት ይከፈት፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን የማሞቂያ ዘንግ ግን እንተወው። ውሃውን ለመሞከር እጃችንን የምንከትበት ባልዲ ውስጥ ኤሌክትሪክ ማስገባት ምንም መከላከያ የሌለው ሥራ ነው።

ምንም ማሞቂያ ባይኖርና ቀዝቃዛው ውሃ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ ቢፈራስ? ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በብርዳማ ሌሊት ጉስል ግዴታ ሆኖባቸው፣ ለነፍሳቸው ፈርተው ተየሙም አድርገው አሰገዱ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው አልነቀፏቸውም። ዝርዝር ሑክሙን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። እኛ ማለት የፈለግነው ግን ግልጽ ነው፤ ዲናችን ነፍስን ለአደጋ አሳልፎ መስጠትን አላዘዘንም።

10. ዶርምና ኪራይ ቤት

የዶርም መስመር የተዘረጋው ለመብራትና ለአነስተኛ ዕቃ ነው። በአንድ መስመር ላይ ብዙ ክፍሎች አሉ። ስቶቭ ደብቆ መሰካት ሕግ መጣስ ብቻ ሳይሆን፣ ፎቁ ላይ የተኙትን ሁሉ ሳያውቁ የአደጋ ተካፋይ ማድረግ ነው።

በኪራይ ቤት ደግሞ ቆጣሪው ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። አከራይ ሳያውቁ ሂተር ማብራት የሰው ሐቅ ነው። ከላይ ያለውን ሒሳብ ሠርተን እናሳያቸው፤ አንድ ሰው በቀን 10 ደቂቃ ቢታጠብ በ30 ቀን ከ28 ኪሎዋት-ሰዓት ብዙም አይርቅም። ቁጥር ይዞ የሚነጋገር ተከራይና አከራይ በግምት አይጣላም።

11. እስከ የት ነው የእኛ ሥራ?

የእኛ ሥራ፦ አምፔሩን ማስላት፣ የሽቦውንና የብሬከሩን ቁጥር አንብቦ ማነጻጸር፣ የጠቆረ ሶኬት መለየት፣ የፍሳሽ ብሬከሩን ቁልፍ መሞከር፣ ለቤተሰብ ማስረዳትና ሲገጠም አጠገብ ቆሞ መጠየቅ።

የባለሙያ ሥራ፦ ከሳጥኑ አዲስ መስመር ማውጣት፣ ብሬከር መቀየር፣ ግራውንድ ቀብሮ ተቃውሞውን መለካት፣ ሂተሩን ማገናኘት። ከቆጣሪው በላይ ያለው ደግሞ የመብራት ኃይል ነው፤ ማንም አይነካውም።

አባታችን «አራት ዓመት ተምረህ ይህን አታውቅም?» ቢሉን፣ አንገታችንን ሳንደፋ «አባቢ፣ የተማርኩት ይህ ሥራ የማን እንደሆነ ለማወቅም ነው» ብንል ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም፤ ኢንሻአላህ።

ለሐለቃ ውይይት

ሀ) 4 ኪሎዋት ምጣድ ስንት አምፔር ይስባል? ለየትኛው ሽቦና ብሬከር ይመደባል?
ለ) ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ መቀየር ለምን ስህተት ይሆናል?
ሐ) ግራውንድ ያለው ነገር ግን የፍሳሽ ብሬከር የሌለው ቤት ምን ይጎድለዋል?
መ) በቤታችሁ ዋናው ብሬከር ስንት አምፔር ነው? በእረፍቱ አንብባችሁ ኑ።

አላህ የምንማረውን የሚጠቅመን፣ ቤቶቻችንንም ከእሳት የሚጠብቅልን ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።